እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተው ልጅ

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአዲስ አማካሪ መምህራን በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ውይይት ላይ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ?

በዚህ ከተማ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይጀምራል። ሰማይ ላይ ስለታየው ብርሃን ያወራል። መምህርም ብርሃን ነው ይላል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። እኔ ዛሬ ልዝለለው። ብርዱ ይበቃናል። ጋቢ የያዛችሁ ከጎናችሁ ላለው አጋሩ፤ በተለይ ከቆላ ለመጣችሁት።

ብርድን ካነሳሁ አይቀር ከሱ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ከኮሌጅ ማስተማር ሊለማመድ የመጣ አንድ እጩ መምህር ተመደበልኝ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ከግማሽ በታች ናት። ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ብሏል። ልጁ በሸሚዝ ነው የመጣው። ክፍል ገባ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። 40 ደቂቃ ሙሉ አላወጣውም። በቀኙ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ይንቀጠቀጣል።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቅጽ እሞላለሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል። ተማሪዎችን ይፈራል።»

ከክፍል ስንወጣ ይህንኑ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ መምህር» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ድፍረት ሰበክሁት። «ተማሪ ከፈራኸው ያውቅብሃል» አልኩት። «እሺ መምህር።» «ደረትህን ንፋ» አልኩት። «እሺ መምህር።» ዓርብ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶት አዘነለትና ወፍራም ሹራቡን አዋሰው። ሰኞ ልጁ ሁለቱንም እጁን እያወናጨፈ አስተማረ። ድፍረት ከየት መጣ? ጠራሁትና ጠየቅሁት።

«በርዶኝ ነበር እኮ፣ መምህር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

ያን ጊዜ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥሩ መምህር ናት ተብዬ ነው የተመረጥሁት። ልጆቼ ማባዛት ያውቁ ነበር፣ ማንበብ ያውቁ ነበር። ግን አንድ ትልቅ ሰው ማስተማርን ሲለማመድ አጠገቡ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሦስት እጩ መምህራንን እንዲከታተሉ ተመድበዋል» ይላል። በቃ። ያ ነበር ሥልጠናዬ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህን ነው። እናንተ በማስተማር ነባሮች ናችሁ፤ በአማካሪነት ግን ጀማሪዎች ናችሁ። ጀማሪ ደግሞ ረዳት ያስፈልገዋል። ለእጩዎቹ ያሰብነውን ያህል ለእናንተም ማሰብ አለብን።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እኔ ያስተማሪነት ሥልጠና የወሰድሁት በ12+1 ዘመን ነው። ቲቲአይ እንለው በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን አንድ ዓመት ሠለጠንን። የማስተማር ልምምዳችን መጨረሻ ላይ ጥቂት ሳምንት ነበረች። ታዛቢ መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ ይሄዳል። በ1988 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ስመደብ ብቻዬን ነበርሁ። ያን ዘመን ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም ቴሶ የምንለው የመምህራን ትምህርት ለውጥ መጣ። ልምምዱ በሥልጠናው ዓመታት ውስጥ ተበተነ። እጩው ቶሎ ትምህርት ቤት ገብቶ እንዲያይ፣ እንዲረዳ፣ ቀስ በቀስ እንዲያስተምር ታሰበ። ፕራክቲከም የሚለው ቃል፣ የማስተማር ልምምድ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ነው በየአፋችን የገባው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን አስቡት፤ ሸክሙ ከኮሌጁ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ ማለት ነው። ወደ እኛ። ኮሌጁ ውስጥ መምህራን ማሠልጠን የሙሉ ቀን ሥራቸው የሆነ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ፣ የ60 ልጅ ደብተር አርሞ፣ በተረፈው ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ረድቶኛል፤ ላካፍላችሁ። ፍራንሲስ ፉለር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ስለ ጀማሪ መምህራን ጭንቀት ጻፈች። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ራሱ ነው አለች። ይወዱኛል ወይ? ክፍሉ ይረበሽብኛል ወይ? ቀጥሎ ስለ ሥራው ይጨነቃል፤ ዕቅዱ፣ መጽሐፉ፣ ሰዓቱ። ስለ ልጆቹ መማር በደንብ መጨነቅ የሚጀምረው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ግን ሳነበው ደነገጥሁ። ስለ እጩዎቼ ሳይሆን ስለ ራሴ የተጻፈ መሰለኝ። አማካሪ ስሆን የጨነቀኝ ምን ነበር? እነዚህ ከኮሌጅ ትኩስ ትኩስ ዘዴ ይዘው የመጡ ልጆች የኔን አሮጌ አስተማማር ሲያዩ ምን ይሉኝ ይሆን ነበር። ሰዎች ፊት አልናገረውም እንጂ የመጀመሪያው ወር ሐሳቤ ይኸው ነበር። ከእናንተ መካከል እንደዚህ የሚሰማው ካለ እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም። እንዳለ አውቃለሁ።

ይህ ፍርሃት ሁለት መልክ ይዞ ይወጣል። አንዱ «ተለማማጅ መጣልኝ፣ ላርፍ ነው» ብሎ ክፍሉን ጥሎ ሻይ ቤት መሄድ ነው። ሁለተኛው የኔ ነው። ክፍሉን አለመልቀቅ።

አምስተኛ ክፍል ነው። አንድ ሌላ እጩ ክፍልፋይ እያስተማረ ነው። 1/2 እና 1/3 ደመረና ሰሌዳው ላይ 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ። ከተቀመጥኩበት ተፈናጥሬ ተነሳሁ። «አይደለም! አይደለም!» እያልሁ ወደ ፊት ሄድሁ። ጠመኔውን ተቀብዬ አረምሁ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ልጁ ቀጠለ። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገረ ቁጥር 60 አንገት ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደኔ። ልክ ነው? ይላሉ በዓይናቸው። ልምምዱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስቱንም ሳምንት አንገታቸው አልተመለሰም።

ያ ስህተት እስከ ማግስቱ ቢቆይ ምን ይሆን ነበር? ምንም። ከክፍል ወጥተን አንድ ዳቦ ግማሹንና ሲሶውን ቆርሰን ብናይ ራሱ ይደርስበት ነበር። ግማሽ ብቻውን ከ2/5 ይበልጣል። በማግስቱ ገብቶ «ትናንት ያሳየኋችሁ ልክ አልነበረም፣ እስቲ ለምን እንደሆነ ማን ያገኘዋል?» ቢል ኖሮ ልጆቹ ክፍልፋይም ይማሩ ነበር፣ መምህር ሲሳሳት እንዴት እንደሚታረምም ያዩ ነበር።

እርግጥ የማይቆይ ነገር አለ። ልጅ ሲመታ ወይም ሲሰደብ ካያችሁ ያን ጊዜውኑ ተነሱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም እንይ። አርጩሜውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጩውን «አትምታ» የሚል አማካሪ አይቻለሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። እናቴ የበግ ጸጉር ትፈትል ነበር። ሸማኔ ክሩን ወስዶ ባና ይሠራበታል። ሰባት ዓመት ግድም ሲሆነኝ እንዝርት ሰጠችኝ። የመጀመሪያ ክሬን ብታዩት! አንዱ ጋ እንደ ገመድ ወፍሯል፣ አንዱ ጋ ሳስቶ ይበጠሳል። እናቴ አንድም ቀን እንዝርቱን ከእጄ አልነጠቀችኝም። ሲበጠስብኝ «ቀጥዪው» ትለኛለች። የራሷን እየፈተለች። እኔ የጣቷን አያያዝ በዓይኔ እሰርቃለሁ። ጎርባጣውን ክሬን ደግሞ አልጣለችውም። ለድር አይሆንም፤ ድር ይወጠራል፣ የሳሳው ይበጠሳል። ለማግ ግን ይሆናል። ማግ ከድሩ መሐል ይገባና ይያዛል። ባናው ተሠርቶ ሲመጣ የኔ ጉብታ የቱ ጋ እንዳለ በእጄ እየዳበስሁ እፈልገው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእጩዎቼ የማግ ሥራ የምለው ነገር አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አልሰጥም። አሥር ደቂቃ ታሪክ ያነብባል። ወይም በቡድን ሥራ ጊዜ ሁለት ቡድን ይይዛል። ወይም እኔ ሳስተምር እሱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ትምህርቱን የወጠርሁት እኔ ነኝ። እሱ ቢሳሳትም አይበጠስም። በሁለተኛው ሳምንት መግቢያውን ይወስዳል። እንዲህ እያለ ድሩ ራሱ ወደ እሱ ይዞራል። መጀመሪያ ቀን ሙሉ ክፍል አስረክቦ «እስቲ እንይህ» ማለት ሰውን ወንዝ ውስጥ ጥሎ ዋና ይችል እንደሆነ ማየት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከክፍል ከወጣን በኋላ ያለው ወሬ።

እኛ አገር «እሺ» የሚባል ቃል አለ። ሃያ ትርጉም አለው። ገባኝ ማለት ይሆናል። አልገባኝም ግን ልሂድ ማለትም ይሆናል። ተሳስተሻል ግን ታላቄ ነሽ ማለትም ይሆናል። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ሳምንት ሙሉ «እሺ» ሲለኝ «በርዶኝ ነው» ማለቱ ነበር። እጩው ሃያ ዓመቱ ነው፤ እኛ ጸጉራችን ሸብቷል። ነጥብም በእጃችን ነው። ይሉኝታው ያስረዋል። ስለዚህ እሺ ሲበዛባችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ጥያቄያችሁን ቀይሩ።

«እንዴት ነበር?» አትበሉ። መልሱ «ጥሩ ነበር» ነው። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው። እኔ የምጀምረው እንዲህ ነው፦ «የቱ ጋ ስትደርስ ነው ክፍሉ ከእጅህ የወጣ የመሰለህ?» ወይም «ከኋላ ተቀምጠው ከነበሩት ሦስት ልጆች ምን ምን አየህ?» ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ይከብዳል። በተለይ ለኛ ለመምህራን። አርባ ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚያወራ ሰው ዝም በል ሲሉት ያመዋል።

ቦታውም ይወስናል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ አሥር ሰው ሻይ እየጠጣ፣ «የዛሬው አልሆነም» ማለት ውርደት ነው። ባዶ ክፍል ፈልጉ። ወይም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ አይጠፋም፤ እዚያ ቁሙ። አምስት ነገር አይታችሁ ከሆነ አንዱን ብቻ አንሱ። አራቱ ይቆዩ። አምስቱንም የሰማ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያስበው አንዱንም አይደለም፤ ኮሌጁን ጥሎ ስለመሄድ ነው።

ምን እንደምትጽፉም ልናገር። «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ብዬ እንደጻፍሁት አትጻፉ። ያ ያየሁት አልነበረም፤ ያሰብሁት ነው። ያየሁት «ግራ እጁ 40 ደቂቃ ኪሱ ውስጥ ነበር» የሚለው ነው። ያንን ብቻ ጽፌ ባሳየው ኖሮ ምክንያቱን ራሱ ይነግረኝ ነበር። ያያችሁትን ጻፉ። ቁጠሩ። ስንት ጊዜ ሴት ልጅ ጠየቀ? ስንት ጊዜ ወንድ? ከመስኮቱ በኩል ያሉትን ስንት ጊዜ ጠራ?

መቁጠር ካነሳን አንድ የምወደው ነገር አለ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው መልስ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሡ ለካች። በአማካይ አንድ ሰከንድ ግድም ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ። ይህን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ ሰዓት አለ። ለእጩው «ታገሥ» ብላችሁ ከምትመክሩት «ዛሬ ዘጠኝ ጥያቄ ጠይቀህ ሰባቱን አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ራስህ መለስከው» በሉት። ደግሞ እሱም የናንተን ይቁጠር። እኔ አስቆጥሬ አፍሬአለሁ። ከሱ ብሼ ተገኘሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወሬአችን ተለወጠ። ሁለታችንም አንድ ነገር ላይ እንሠራ ጀመር።

ስለ ነጥብ መስጫው ቅጽ ብዙ አልልም። መጨረሻው ቀን ላይ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች አራት አራት አራት መሙላት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ሞልቻለሁ። አራት ማለት «አላየሁህም፣ ግን ክፉ አልሆንብህም» ማለት ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን እንዳትረሱ። ተማሪዎች ፊት እጩውን «አንተ» አትበሉት። ብቻችሁን ስትሆኑ ልጃችሁ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ጥሩት። ክፍል ውስጥ ግን «መምህር» ነው። «እሳቸው» ነው። «አሁን መምህር ያስተምሯችኋል» ብላችሁ ስታስገቡትና «ይሄ ልጅ ዛሬ ይሞክራል» ብላችሁ ስታስገቡት ልጆቹ የሚሰሙት ሌላ ሌላ ነው። ቁመናውም ሲለወጥ ታያላችሁ።

እስካሁን ምን አድርጉ ምን አታድርጉ እያልሁ አስቸገርኳችሁ። ለእናንተስ ማን ምን ያድርግ?

በሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ለአማካሪነት ተብሎ አንድም ክፍለ ጊዜ ተቀንሶልኝ አያውቅም። እጩውን የማነጋግረው በእረፍት፣ እየሮጥሁ ነው። ደግሞ ያለፉት ዓመታት ችግር አለ። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። የተመለሱ ልጆች አሉ፤ ተፈናቅለው የመጡ አሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ዕድሜው የተራራቀ፣ የንባብ ደረጃው የተራራቀ ተማሪ አለ። ይህን ክፍል ነባር መምህርም አይችለውም። በዚህ ላይ እጩ ሲመጣ አማካሪው ቢነጫነጭ አልፈርድበትም። ርዕሳነ መምህራን እዚህ ካላችሁ የምለምነው ይህን ነው፤ እጩ ባለበት ወቅት ለአማካሪው በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ፈልጉለት። አንዲት። ከእጩው ነፃ ሰዓት ጋር የምትገጥም። ከገንዘብ ይልቅ እሷን እመርጣለሁ። ገንዘቡን አልፈልግም ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዳትጽፉብኝ።

ሁለተኛው ሲፒዲ፣ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የምንለው፣ ነው። በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብናል። ፋይሉን ለመሙላት ስንት ርዕስ እንደምንፈጥር እግዜር ይይልን። አማካሪነት ራሱ ርዕስ ይሁን። በአንድ የጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ተቀራርበው በሚሠሩ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ያሉ አማካሪዎች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው «እኔ ጋ እንዲህ ያለ እጩ አለ፣ እንዲህ ብዬው ዝም አለኝ» ይባባሉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። አንዱ አማካሪ ሌላው ከእጩው ጋር ሲነጋገር ጥግ ተቀምጦ ቢሰማ ደግሞ የበለጠ ነው። ማን ስንት ደቂቃ እንዳወራ ይጻፍ። እኔ አንዴ ተጽፎብኛል። ከ20 ደቂቃ ውስጥ 17ቱን ያወራሁት እኔ ነበርሁ። ስለ ማዳመጥ እየመከርሁ ነበር።

ከኮሌጅ የምትመጡ መምህራንም አላችሁ። ስትመጡ እጩውን አይታችሁ፣ ነጥብ ሰጥታችሁ፣ መኪና ስላለ ትሄዳላችሁ። እባካችሁ ከአማካሪው ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ኮሌጁ ምን እንዳስተማረው እኛ አናውቅም፤ እኛ ምን እያልነው እንደሆነ እናንተ አታውቁም። ልጁ መሐል ላይ ነው። እናንተ «በቡድን አስቀምጥ» ትሉታላችሁ፤ እኛ «ክፍሉ ይረበሻል፣ ተወው» እንለዋለን። ለሁለታችንም «እሺ» ይላል።

ቀደም ብሎ በወረቀት የደረሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጨርሶ የማይሆን እጩ ሲገጥምስ?» ይላል። ይገጥማል። ሁሉም ሰው መምህር አይሆንም። ግን በአራተኛው ሳምንት ደርሶ መናገር ግፍ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጥርጣሬው ከገባችሁ ያያችሁትን በቀን በቀን ጻፉ። ለእጩው በግልጽ ንገሩት። ለኮሌጁም ያን ጊዜውኑ ደውሉ። ሌላ አማካሪ መጥቶ ይየው፤ ምናልባት ችግሩ የእናንተና የሱ አለመግባባት ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን በርዶት እንዳይሆን ጠይቁት።

በሉ፣ ሻይ ቀርቧል። በሩ አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ተደርጋችሁ ተጽፋችኋል። በተቻለ መጠን ቅርብ ለቅርብ ካሉ ትምህርት ቤቶች ነው ያገናኘናችሁ። ጥንዳችሁን ፈልጉ፤ ስልክ ተለዋወጡ። እጩዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። ዓርብ ማታ ለጥንዳችሁ ደውሉና አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ በዚህ ሳምንት እጩው «እሺ» ብሏችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባችሁን።